በቁልቋል ተቃጠልኩ፣ በበርበሬ እፎይ አልኩ

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ በአብዛኛው የሆነው በሰው አገር ነውና። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። አሁን የምጽፈው ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ እኔን በያዘኝ ሕመም ተይዞ፣ እኔ የሠራሁትን ስህተት ሊደግም ሲል ስለደረስኩበት ነው።

በጥር 2003 ዕድሜዬ 57 ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ማታ ከአውሮፕላን ማረፊያ ያነሳኋት ተሳፋሪ ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዛ ነበርና ተሸክሜ አወጣሁላት። በማግሥቱ ከግራ ትከሻዬ አጥንት በታች ቆዳዬ ይለበልበኝ ጀመር። ሻንጣው ነው ብዬ ቪክስ ተቀባሁ። በሦስተኛው ቀን የሚለበልበው ቦታ ቀላ፤ በአራተኛው ቀን ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ከጀርባዬ ተነሥተው በብብቴ ሥር አልፈው እስከ ግራ ጡቴ ድረስ እንደ ቀበቶ ተሰለፉ። በቀኝ በኩል አንድም አልነበረም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት ሸሚዜን ገልጣ ዐየችና «ልጄ፣ ይሄማ አልማዝ ባለጭራ ነው» አለችኝ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ዐውቃለሁ። በልጅነት ጉድፍ የሚያወጣብን ቫይረስ ስንድን አይጠፋም፤ በአከርካሪ አጠገብ ባለው የነርቭ ሥር ተሸሽጎ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም አቅም ሲደክም ከተሸሸገበት ይነሣና ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ሽፍታው በወጣ በስድስተኛው ቀን ነው። የጤና ኢንሹራንስ አልነበረኝም፤ አንድ ቀን ሥራ መቅረትም ለእኛ ቤት ቀላል አልነበረም። ሐኪሙ የቫይረሱን መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ግን ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይበልጥ ይረዳ እንደነበር አልሸሸገኝም። ያለፉት ቀናት ምን ያህል እንዳስከፈሉኝ በልክ መናገር አልችልም። ያለፉ መሆናቸውን ግን አልረሳም።

በመጋቢት ቁስሉ ደረቀ፤ ጠባሳውም እየሳሳ ሄደ። ሕመሙ ግን ቀረ።

ይህን ሕመም ላልያዘው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቆዳው ጤነኛ ይመስላል። በጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ብዙም አያምም፤ ሸሚዝ ሲነካው ግን እንደ ፍም ይፋጃል። ነፋስ ያመዋል። የመታጠቢያ ቤት ውሃ ያመዋል። የእኔ ደግሞ ሥራዬ ታክሲ ነው፤ የመቀመጫው ቀበቶ ከግራ ትከሻዬ ተነሥቶ የሚያልፈው በዚያው ሕመሙ ባለበት ቦታ ላይ ነበር። በቀን አሥር ሰዓት፣ በእያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ፍሬን። ባለቤቴ አንድ አሮጌ፣ በእጥበት የለሰለሰ ነጠላዋን ቆርጣ ሁለት እጥፍ አድርጋ በሸሚዞቼ በውስጥ በኩል በግራ ደረቴ ላይ ሰፋችልኝ። አምስት ሸሚዝ ነበረኝ፤ አምስቱም ላይ ሰፋች። ሌላ ጨርቅ ሞክረን አልሆነም፤ ያ ነጠላ ብቻ ነበር የሚሻለው።

ሐኪሙ ጋባፔንቲን የሚባል እንክብል ሰጠኝ። ብዙ ሰው ይረዳል፤ እኔንም በመጠኑ ረድቶኛል። መጠኑ ሲጨመር ግን እንቅልፍ ያመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን በጆርጂያ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ዐይኔ ተከደነ። ተሳፋሪዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ በኋላ መጠኑን አስቀነስኩ፤ ሕመሙም ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት ተኩል ኖርኩ።

በሐምሌ 2004 ለወንድሜ ተዝካር ወደ ጎንደር ሄድኩ። ክረምት ነበር፤ ጋቢ መደረብ ግድ ነው፤ እኔ ግን ጋቢውን በቀኝ ትከሻዬ ብቻ አንጠልጥዬ እቀመጥ ነበር። ዘመድ ዐየና ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር መድኃኒት አዋቂ እንዳለ ተነገረኝ። ስሙን አልጠራም። በክፋት ያደረገው ነገር አልነበረም፤ ገንዘብም አልጠየቀኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ሄድኩ። የሄድኩበት ሌላ ምክንያት ደግሞ ነበረኝ፤ አሁን ሳስበው ከጭንቀቱ ይልቅ የጎዳኝ እሱ ነው። «ቅጠል ነው፣ ሥር ነው፣ የተፈጥሮ ነው፤ ቢያንስ አይጎዳም» ብዬ አምኜ ነበር። በአሜሪካ እንክብል ተሰላችቼ ስለነበር የተፈጥሮ የሚለው ቃል ብቻውን አሳረፈኝ።

ሰውየው ከግቢው አጥር ላይ የቁልቋል ቅርንጫፍ በቢላዋ ሰነጠቀ። ነጭ ወተቱ ወዲያው ጠብ ጠብ አለ። በሸክላ ስባሪ ተቀብሎ ከአንድ የደቀቀ ሥር ጋር ለወሰውና በጀርባዬ፣ ሕመሙ በሚብስበት ቦታ ላይ፣ መዳፍ በሚያህል ስፋት ቀባኝ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ መፋጀት ጀመረ። «ይፋጅ፤ በሽታውን እያወጣው ነው» አለኝ። ታገሥኩ። ሌሊቱን ቆዳዬ በእሳት እንደተቃጠለ ሁሉ ውሃ ቋጠረ። በማግሥቱ ፈነዳ። በአራተኛው ቀን አመረቀዘ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዘኝ። ዘመዶቼ ሆስፒታል አስገቡኝ። ዘጠኝ ቀን ተኝቼ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠኝ። መርዙ ወደ ደሜ መግባት ጀምሮ እንደነበር፣ ሁለት ቀን ብዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር ሐኪሞቹ ነገሩኝ። ለእነዚያ ሐኪሞችና ነርሶች ያለኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አልጎደለም።

የቁልቋል ወተት ቆዳን እንደሚያቃጥል፣ ዐይን ውስጥ ቢገባም ብርሃን እንደሚያሳጣ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔም ዐውቅ ነበር። በልጅነታችን አጥር ስንቆርጥ ፊታችንን እንድንሸፍን እናቴ ትነግረን ነበር። ሲያመኝ ግን የማውቀውን ረሳሁ።

በመስከረም ወደ ዋሽንግተን ተመለስኩ። የተቃጠለው ቦታ በወራት ውስጥ ገጠመ፤ አሮጌው ሕመም ግን ከሥሩ እንዳለ ነበር። በሚያዝያ 2005 ሐኪሜ አንድ የሕመም ክሊኒክ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለጥናት እየፈለገ መሆኑን ነገረኝ። የሚሞከረው ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት።

«ከቃሪያና ከሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥለው ነገር» አለኝ። «ካፕሳይሲን ይባላል።»

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለ፤ አሁን ደግሞ ሚጥሚጣ ሊለጥፉብኝ ነው። ፈራሁ። ይህን አንድ ጊዜ ተናግሬ አልፋለሁ።

ወደ ክሊኒኩ የሄድኩት ልጄ ቀጠሮ ስለያዘችልኝ ነው። «አባዬ፣ ስማቸውና እምቢ በል፤ ሳትሰማ ግን እምቢ አትበል» አለችኝ። ነገሩ የተገለበጠው እዚያ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

የጥናቱን ወረቀት የምታስፈርመው ነርስ የአገሬ ልጅ ሆና ተገኘች። ቅጹ በእንግሊዝኛ ብዙ ገጽ ነበር። ወንበሯን ከጠረጴዛው ማዶ አንሥታ ከጎኔ አደረገችና «ጋሼ፣ እስኪ አብረን እናንብበው። ያልገባዎት ቦታ ላይ ያስቁሙኝ» አለችኝ። በሦስተኛው ገጽ ላይ አስቆምኳት።

«መሞከሪያ ልታደርጉኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ሙከራ ነው» አለች። አላቆላመጠችውም። ከዚያ ስለ ጠባሳው ጠየቀችኝ፤ የጎንደሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ያን ዕለት የተቀቡት ምን ያህል ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ስንት ሰዓት እንዲቆይ ተባለ?»

«በራሱ እስኪደርቅ።»

«ቢብስብዎት ለማን እንደሚደውሉ ተነግሮዎት ነበር?»

አልመለስኩላትም። ገጹን ገልብጣ በጣቷ አሳየችኝ። በፕላስተሩ ላይ ያለው ካፕሳይሲን ከመቶ ስምንት እጅ ነው። አንዱ ፕላስተር 14 ሴንቲ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 179 ሚሊ ግራም ይይዛል። የሚቆየው 60 ደቂቃ ነው። ከዚያ ይነሣል፤ ቆዳው ላይ የቀረው በተለየ ቅባት ይጸዳል። ያልዳነ ቁስል ላይ አይለጠፍም። የደም ግፊት በየጊዜው ይለካል። ለሌሊት የሚደወልበት ስልክ ይኸው። «ደግሞ በየትኛውም ደቂቃ በቃኝ ካሉ እናነሣዋለን፤ በዚህ ምክንያት የሚቋረጥብዎት ሕክምና የለም» አለች።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። የጎንደሩ ሰውዬም፣ እነዚህም ሰዎች የሚያቃጥል ተክል ነው የያዙት። ሰውዬው አባቱ ያሳየውን አደረገ፤ አባቱም የቀባቸው ሰዎች ስንቶቹ እንደዳኑና ስንቶቹ እንደተጎዱ የጻፈው የለም። ዘንድሮ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ወተቱ ካምናው ይበርታ ይድከም የሚለካም አልነበረም። እነዚህ ግን ስንት እንደሆነ ያውቃሉ፤ የማያውቁትንም አናውቅም ብለው ጽፈው አስፈረሙኝ። የማያውቁትን ነገር በጽሑፍ የሰጠኝ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም ነበር። እምነቴ የተመለሰው በዚያ ወረቀት ነው።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ከተሳታፊዎቹ ገሚሶቹ የሚለጠፍላቸው ከመቶ ስምንት እጅ ያለው ሳይሆን በጣም ጥቂት፣ 0.04 ከመቶ ብቻ ያለበት ፕላስተር ነው። ለምን ባዶውን አትለጥፉም ብዬ ጠየቅኩ። ባዶ ከሆነ አያቃጥልም፤ ያላቃጠለው ሰው ደግሞ ወዲያው ያውቃል አለች። ስለዚህ ሁለቱም ቡድን በርበሬው ትንሽ ይነካዋል፤ የቱ ለማን እንደደረሰ እሷም፣ ሐኪሙም፣ እኔም አናውቅም። ሰው መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ማመኑ ብቻውን ሕመም ይቀንሳል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ቅነሳው እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ከእምነቱ በላይ ምን እንደጨመረ ለማወቅ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ፈረምኩ።

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በደብተር ላይ የቀኑን ሕመም ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንድጽፍ ታዘዝኩ። 7፣ 7፣ 8፣ 6፣ 7 ይል ነበር ደብተሬ። ከዚያ ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሙ በጥጥ ጫፍ ቆዳዬን እየነካ የሚያመኝንና የማያመኝን ቦታ ለይቶ በእስክሪብቶ ከበበው፤ ካርታ የሚስል ይመስል ነበር። ጠባሳው መግጠሙን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ ቅባት ተቀብቶ አንድ ሰዓት ቆየ። ከዚያ ተጠረገና ፕላስተሩ በካርታው ልክ ተቆርጦ ተለጠፈ። ነርሷ ያጠለቀችው ጓንት ሰማያዊ ነበር፤ ነጩን ተራ ጓንት በርበሬው ያልፈዋልና አትለብሰውም።

ሰዓቱ ከፊት ለፊቴ ግድግዳ ላይ ነበር። እስከ አሥረኛው ደቂቃ ሙቀት ብቻ። በሃያኛው ደቂቃ መፋጀት ጀመረ፤ በአርባኛው በረታ። የደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ አለ፤ ነርሷ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አጠገቡ ላይ አደረገችልኝ። ከጎንደሩ የሚለየው በመፋጀቱ ማነስ አልነበረም። የሚያበቃበትን ደቂቃ ማወቄ ነበር። በ60ኛው ደቂቃ አነሣችው፤ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ እየጠቀለለች፣ አቧራው እንዳይነሣ። ቆዳዬ ቀልቶ ነበር። ውሃ አልቋጠረም።

ሁለት ቀን አቃጠለኝ። ደብተሬ ላይ 8 ጻፍኩ፣ ከዚያ 7። በአምስተኛው ቀን 5። ብዙ ተስፋ ላለማድረግ ራሴን እቆጣጠር ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ተሳፋሪ ወደ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመውሰድ ከቤት ወጣሁ። ተሳፋሪውን አድርሼ፣ ሻንጣውን አውርጄ፣ ሂሳብ ተቀብዬ ተመለስኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ከተማው ስገባ ነው ወደ ደረቴ ያየሁት። የለበስኩት ሸሚዝ ያን ሰሞን ልጄ የገዛችልኝ አዲስ ነበር፤ ነጠላ አልተሰፋበትም። ማለዳ በጨለማ ስለባብስ አላስተዋልኩም። ቀበቶው በቀጥታ ደረቴ ላይ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ሆኖ እንዳለ ትዝ አላለኝም። መኪናውን ዳር አቆምኩ። ቀበቶውን በእጄ ይዤ ወደ ደረቴ ተጫንኩት። ይሰማኛል፤ አንድ ነገር እንደነካኝ ይሰማኛል፤ ግን ቀበቶ ነው የሚሰማኝ፣ እሳት አይደለም። ለባለቤቴ ደወልኩ። ስልኩን አንሥታ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ «ሸሚዙን አላየሁትም ነበር» ብቻ አልኳት። ገባት።

ያን ማታ 3 ጻፍኩ። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ከ2 እስከ 4 ነበር። ዜሮ ጽፌ አላውቅም። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ጥናቱ ሲያልቅ እንደገና ወደ 4 እና 5 ማደግ ጀምሮ ነበር። ይህን የምጽፈው ተፈወስኩ እንዳልል ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የደረሰኝ ከመቶ ስምንት እጅ ያለው ፕላስተር እንደነበር ተነገረኝ።

ሚጥሚጣ ሕመም እንዴት ይቀንሳል ብሎ ለሚጠይቅ የተነገረኝ እንዲህ ነው። በ1997 በካሊፎርኒያ የዴቪድ ጁሊየስ የምርምር ቡድን ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፍ ላይ የሚያንኳኳውን በር አገኘ። ያ በር የተሠራው ለበርበሬ ሳይሆን ለሙቀት ነው፤ ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ይከፈታል። በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለው ይህን በር ስለሚከፍት ነው፤ አእምሮ እሳት ነው ብሎ ያምናል። በሩ በብዙ ካፕሳይሲን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ ግን ያ የነርቭ ጫፍ ይደክማል፤ ከቆዳው ሥር ወደ ኋላ ይሰበሰባል። በወራት ውስጥ እንደገና ያድጋል። ፕላስተሩ ከሦስት ወር በፊት የማይደገመው፣ ሕመሙም ቀስ ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። በፕላስተሩ ላይ ያለውም በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ በበርበሬው ውስጥ ካለው ጋር ግን አንድ ዓይነት ነው።

በ2008 በዚህ ፕላስተር ላይ ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች የአንዱ ውጤት ላንሴት ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። 402 ሰዎች ተካፍለውበታል። ልጄ አተመችልኝና ቁጥሩን አነበብኩ። ዋናውን ፕላስተር ካገኙት ከመቶው 42 ሰዎች ሕመማቸው ቢያንስ በሠላሳ ከመቶ ቀነሰላቸው። አነስተኛውን ካገኙትም ከመቶው 32 ሰዎች እንደዚያው። ልዩነቱ ከመቶ አሥር ሰው ነው። መጀመሪያ ሳየው ከፋኝ፤ ለእኔ ያደረገው ትልቅ ነበርና ቁጥሩ አሳነሰብኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን እውነቱ እዚያ መሆኑን ተቀበልኩ። የእኔ ምስክርነት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እኔ ከሠላሳ ሁለቱ ወገን፣ ያለ መድኃኒቱም ይሻለው ከነበረው፣ ልሆን እችላለሁ። ይህንን ማንም ለብቻው ሊያውቅ አይችልም፤ አራት መቶ ሰው አንድ ላይ ደብተሩን ሲሰጥ ነው የሚታወቀው። የእኔ 7 እና 3 ከሌላው ሰው 6 እና 6 ጋር ተደምሮ ነው ዋጋ ያለው። በ2009 ፕላስተሩ በአውሮፓም በአሜሪካም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሲበረታ ሁለት ጊዜ ተለጥፎልኛል፤ ሁለቴም ረድቶኛል።

ጥቅምት 2021 ላይ ዴቪድ ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ማግኘቱን በመኪናዬ ሬዲዮ ሰማሁ። መኪናውን አላቆምኩም፤ ተሳፋሪ ነበረኝ። ግን ያን ሰሞን ሁሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ሳውቀው ብዙ ያሳሰበኝም እሱ ነው። በሞሮኮ የሚበቅል አንድ ተክል አለ፤ የእኛ ቁልቋል ወገን ነው። ከነጭ ወተቱ ውስጥ ሬሲኒፈራቶክሲን የሚባል ነገር ይወጣል። ይህ ነገር የሚያንኳኳው ካፕሳይሲን የሚያንኳኳውን ያንኑ በር ነው፤ ኃይሉ ግን ከካፕሳይሲን አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከእኔ ቤት ሩቅ ባልሆነው፣ በሜሪላንድ ቤተስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ባላቸው የካንሰር ሕመምተኞች ላይ እየተለካ ሲሞከር ቆይቷል። የእኛ ቁልቋል ውስጥ ያለው ያው ነው ማለቴ አይደለም። ዘመዱ ግን ነው። ጎንደር ላይ ሰውዬው ያን ቅርንጫፍ ሲሰነጥቅ ወደ አንድ እውነተኛ ነገር አቅጣጫ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ያጣው ሚዛኑንና መዝገቡን ነው። የአኻያ ልጥም ትኩሳትና ሕመም ያበርድ እንደነበር የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ዕውቀት ተነሥቶ አስፕሪን እስኪሠራ ግን ተለክቶ፣ ተጣርቶ፣ ተለውጦ ነው። የአባቶቻችንን ቅጠል የሚንቁ ሰዎችን እቃወማለሁ፤ ሳይለኩ የሚቀቡንም አብዝቼ እቃወማለሁ።

ወዳጄ ባለፈው ክረምት ደውሎ ጀርባው በአንድ ወገን እንደሚለበልበው ሲነግረኝ ሁለተኛው ቀን ነበር። ሚስቱ ቁልቋል የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብላ ነበር። በዚያው ምሽት መኪናዬን አስነሥቼ ቤቱ ሄድኩ፤ ሐኪም ዘንድም አብረን ሄድን። መድኃኒቱን በሰዓቱ ጀመረ።

ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። ቆዳችሁ በአንድ ወገን ቢለበልብና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ቢወጣበት ሦስት ቀን ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማንም የቁልቋል ወተት እንዲቀባችሁ አትፍቀዱ፤ ሚጥሚጣም በቤታችሁ አትለጥፉ፤ የእኔ ፕላስተር በወጥ ቤት የሚሠራ ነገር አይደለም። በጥናት ተካፈሉ ብትባሉ ደግሞ ወረቀቱን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ሌሊት ለማን እንደሚደወል ጠይቁ። አልማዝ ባለጭራ ክትባት አለው፤ ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈና ባላችሁበት አገር ከተገኘ ተከተቡ። በአሜሪካ በ2017 የተፈቀደው ሁለት መርፌ ነው፤ በመካከላቸው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። እኔ ሁለቱንም ወስጃለሁ፤ ባለቤቴም ወስዳለች።